በፔርሙስ ክዳን የጠጣነው በረካ

የወሰዱኝ ከእራት ላይ አስነስተው ነው። ሽሮ ሜዳ እናቴ ቤት ከወንድሞቼ ጋር አንድ ትሪ ከበን ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎችና አንድ ፖሊስ ነበሩ። እናቴ ማንነታቸውን ሳትጠይቅ "እንብላ" አለቻቸው፤ ልማድ ክፉ ነው። አንደኛው "ለአጭር ጥያቄ ነው፣ አሁን ትመለሳለች" አላት። እጄን እንኳ አልታጠብኩም። ጣቢያ ደርሰን አሻራ ስሰጥ ጣቴ ላይ የወጡ ቅባት ስለነበረ፣ አሻራ የሚያነሳው ሰውዬ ቀለም ከማስነከሩ በፊት በሶፍት ጠረገልኝ።

ጥያቄው ስልኬ ውስጥ ስላገኙት ጽሑፍ ነበር። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ቡናውን ነው።

የሴቶቹ ክፍል ከግቢው ጀርባ ነበረ። ድሮ ዕቃ ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው ላይ የመደርደሪያ ምስማሮች ቀርተው የየሰዉ ፌስታል ተሰቅሎባቸዋል። በረኪና በረኪና ይሸታል። ሴቶቹ እራት በልተው ጨርሰው ፍራሽ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሃላቸው አንድ የብረት ፔርሙስ ቆሟል። ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ትልቅ ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝና፣

"ልጄ፣ በልተሻል?" አሉኝ።

"እየበላሁ ነው የወሰዱኝ።"

"እንግዲያው የቀረሽ ቡና ነው። አብሽሪ፣ ተቀመጪ።"

በፔርሙሱ ክዳን ቀድተው ዘረጉልኝ። እኔም እንደ ጨዋ ሰው "ይቅርታ እማማ፣ ማታ ቡና አልጠጣም፤ እንቅልፍ ይነሳኛል" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጨኔ ሸክላ የምትሠራ አንዲት አፈኛ ሴት ነበረች፤ ዕንባዋን እየጠረገች "እህቴ፣ ለመተኛት ነው እንዴ የመጣሽው?" አለችኝ። እማማ ግን አልሳቁም። ክዳኑን እንደያዙ፣ እጃቸው ሳይታጠፍ፣ "አዲስ የገባ ይቀድማል። አንቺ ካልጠጣሽ እኛም አንጠጣም" አሉ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ያን ሌሊት እርግጥም አልተኛሁም፤ ጥፋቱ የቡናው ብቻ አልነበረም።

የእኛ ቤት የጴንጤ ቤት ነው። ቡና ይጠጣል፤ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲቆጠር አባቴ አይወድም ነበር። አንድ ጊዜ ይፈላል፣ ይጠጣል፣ አለቀ። ሥራ ቦታ ደግሞ ማኪያቶዬን ቆሜ ጨልጬ የምሮጥ ሰው ነበርኩ። ቡና ሕግ እንዳለው የተማርኩት ሕግ ባጣሁበት ቦታ ነው።

ሕጉ የእማማ ነበር። አንዷ እንኳ እራቷን ሳትጨርስ ፔርሙስ አይከፈትም፤ አዝግማ የምትበላም ብትሆን ትጠበቃለች። ቀን የተጣላ ካለ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፤ ታርቆ ካልሆነ ክዳኑ አይደርሰውም። አቦሉ ላይ የቤት ወሬ ብቻ ነው የሚወራው፦ ማን አገባ፣ ዘይት ስንት ገባ። ስለ ጉዳያችን፣ ስለ ምርመራው፣ ስለ ቀጠሮው የሚወራው ቶናው ላይ ነው። ማልቀስ የፈለገም ቶናው ላይ ያለቅሳል። በረካው ላይ ግን አይለቀስም፤ ይመረቃል። ከአንድ ፔርሙስ ሦስት ዙር የሚወጣው ደግሞ በየዙሩ አንድ አንድ ጉንጭ ብቻ እየቀመስን ነበር። የቀጨኔዋ ሴት ክዳኑ በደረሳት ቁጥር "ስንት ጀበና በእጄ ሠርቼ፣ በስተርጅና በፔርሙስ ክዳን!" ትላለች። ይህን ሳትል የጠጣችበት ማታ አላስታውስም።

ቆይቶ ፔርሙሱን የማስመጣው እኔ ሆንኩ። እናቴ በየቀኑ ከሽሮ ሜዳ ተሳፍራ ታመጣዋለች። ስንቅ ያመጣ ሰው በር ላይ ቀምሶ ማሳየት አለበት፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ሁልጊዜ የምትጠጣው እሷ ነበረች። እማማ ይህን ሲሰሙ "ከሷ ጋር እየጠጣን ነው በይኛ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን ስቀበል ከንፈሯ የነካበትን ቦታ የማገኝ ይመስለኝ ነበር።

እማማ ከወሎ በሙሽርነት መጥተው ብዙ ዘመን አዲሱ ገበያ ሱቅ ነግደዋል። የታሰሩት በልጃቸው ነው። ልጁ ይፈለጋል፣ የለም፤ "እሱ እስኪመጣ" ብለው እናቱን አስቀመጡ። ሁልጊዜ ቶናው ላይ ያነሱታል። "በልቶ ይሆን?" ይላሉ፤ ሌላ የላቸውም። የት እንዳለ ያውቃሉ ወይ ብላ አንዷ ስትጠይቃቸው "አላውቅም፣ እንዳውቅም አልፈልግም። ባላውቅ ነው የማልዋሸው" አሉ። እኛ ግን የምንፈራውን እናውቅ ነበር፤ ልጁ የተያዘ ዕለት እኚህ ሴትዮ ምን ይሆናሉ?

አንድ ማታ ፔርሙሱ በር ላይ ሲፈተሽ ተደፍቶ ግማሽ ሆኖ ገባ። አቦሉን ቆጥበን ጠጣን፤ ቶናውንም ጠጣን። ክዳኑ ከመጨረሻዋ ሴት እጅ ሲመለስ የበሩ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። ተረኛዋ ፖሊስ ናት፤ ወጣት ነች፣ ስንቃችንን ስትፈትሽ እንኳ ፊታችንን አይታ አታውቅም። የእማማን ስም ጠራችና፣

"ከነዕቃዎት ይውጡ" አለች።

ከነዕቃ ማለት ወይ ቤት ነው፣ ወይ የማይታወቅ ሌላ ቦታ። ቤት የሚሄድ ሰው የሚጠራው ግን ጠዋት ነበር። እማማ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

"ልጄ ተይዞ ነው?"

"እኔ አላውቅም። አውጪ ነው የተባልኩት፤ መኪና ቆሟል።"

"እሺ" አሉ እማማ። "ቡና ላይ ነን። በረካው ቀርቷል።"

"መኪና እየጠበቀ ነው እኮ እማማ።"

"ገብተሽ ጠጪ።"

"አይፈቀድልኝም።"

"እንግዲያው ቆመሽ ጠብቂን።" ደንበኛ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሲያስቆሙ እንዲህ የሚሉ ይመስለኛል፤ ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ወደ እኔ ዞረው ባዶውን ክዳን ዘረጉልኝ። ፔርሙሱን ነቀነቅኩት፤ አተላ ብቻ ነው የቀረው። ቡናው ከቤቴ የመጣ ነው። በሕይወቴ እንግዳ ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የቀጨኔዋ ሴት የውሃውን ጠርሙስ በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። ውሃ ጨመርኩበት፣ ናጥኩት፣ ቀዳሁ። ቡና ለመባል ቀለሙ እንኳ አልበቃም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር።

በረካ የሚጀመረው ከሚመርቀው ነው። እማማ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና፣ ከመጠጣታቸው በፊት እፍ፣ እፍ አሉበት። እንዳያቃጥላቸው። ከዚያ ጠጡ። "በረካ እንዲህ ነው፤ ቀጠን ሲል ነው የሚጥም" አሉ። ቀጥላ የተቀበለችው ሴት እፍ አለችበት፤ ከሷ ቀጥሎ ያለችውም። የቀጨኔዋ ሴት ስለ ጀበናዋ ሳታነሳ ጠጣች። እኔም ደረሰኝና፣ ዕንባዬን እየዋጥኩ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ እፍ አልኩበት።

ፖሊሷ በሩን ይዛ ቆማለች። አላጣደፈችንም።

እማማ መዳፋቸውን ዘረጉ። "ያሰራችሁን ልብ ያራራላችሁ።" እኔ አሜን አልኩ፣ አጠገቤ ያለችው አሚን አለች። "ቤታችሁ ትኩስ ይጠብቃችሁ።" አሜን። "የጠፋውን ያግኝላችሁ።" አሜን አልን፣ ከሌላው ጊዜ ጮክ አድርገን። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። "አንቺንም በር ላይ የቆምሽውን፣ ከዚህ በር በደህና ያውጣሽ።"

"አሜን" አለች ፖሊሷ። አምልጧት ነው፤ ወዲያው ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች።

እማማ ተነሱ፣ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ፌስታላቸውን ከምስማሩ አወረዱ። በሩ ተቆለፈ። የመኪናውን ድምፅ እስኪርቅ አዳመጥን፤ ወዴት እንደታጠፈ ግን መለየት አልቻልንም። በረካ ላይ አይለቀስም፤ አላለቀስንም።

ይህን ስል ሰው ሳይታዘበኝ አይቀርም፤ ያን ክፍል አልናፍቅም፣ ያን ሰዓት ግን እናፍቀዋለሁ። እራት ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሰው ሁሉ ተሟልቶ የሚጠበቅበትን ሰዓት። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የተጠበቅሁበት ገበታ ጥቂት ነው።

እኔን የፈቱኝ ጠዋት ነው፣ በአንድ ቃል፣ ያለ ማብራሪያ። ከቤት ለመውጣት ልብ ሳገኝ በመጀመሪያ የሄድኩት አዲሱ ገበያ ነበር። ሴትዮዋን የሚያውቅ ሰው እየጠየቅኩ ሱቋን አገኘኋት። ክፍት ናት። እማማ መነጽር አድርገው ባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው ረጅም ወጣት ስኳር ይመዝናል፤ ግንባሩ የሳቸው ነው። መቼ እንደተፈቱ፣ እሱም እንዴት እንደተመለሰ አልጠየቅኩም። ባንኮኒውን ያዝኩ።

አወቁኝ። ስመውኝ ሲጨርሱ፣

"በረካውን ጠጥተሽ ነው የወጣሽው?" አሉኝ።

"ጠዋት ነው የጠሩኝ እማማ። ቡናም አልነበረም።"

"እንግዲያው ገና አልወጣሽማ። ነይ ግቢ።"

ወጣቱ ዱካ አቀረበልኝ። እማማ ከባንኮኒው ስር ፔርሙስ አወጡ። መደርደሪያው ላይ በደርዘን የሚሸጥ ሲኒ ተደርድሮ ሳለ በክዳኑ ቀዱልኝ። ትኩስ ነበር፤ እፍ አልኩበት።

አሁን የራሴ ቤት አለኝ፤ ከእናቴ ቤት ብዙም አይርቅም። እራት ከበላን በኋላ ከፔርሙስ፣ በክዳኑ፣ ሦስት ዙር እቀዳለሁ። ባለቤቴ "አንቺ አይደለሽ ማታ ቡና አልጠጣም ያልሽው?" እያለ ይቀልድብኛል። አንዳንድ ማታ በረካው ላይ ሳለን በር ይንኳኳል። የጎረቤት ሰው ነው፣ ወይ ጨው ሊዋስ የተላከ ልጅ። ዛሬም መጀመሪያ የሚመስለኝ ግን ሊወስዱኝ የመጡ ነው። እጄ ክዳኑን አጥብቆ ይይዛል፤ እኔ ግን አልነሳም።

"ቡና ላይ ነን" እላለሁ፣ ድምፄን ሳልጨምር። "ግቡና ጠጡ፤ ካልሆነም ጠብቁን።"