ፎቶው ላይ ያልነበረችው ብረት

ልጅ እያለሁ አባታችን ወደ ቤት መቃረቡን የምናውቀው በትንሿ ትራክተር ኳኳታ ነበር። ሰቃ አጠገብ በነበረ የቡና ችግኝ ጣቢያ ሾፌር ነበር፤ ጣቢያው ሲዘጋ ያረጀችውን ትራክተር በጨረታ ገዝቶ አስቀራት። የናፍጣው፣ የእርጥብ አፈሩና የሚበሰብሰው የቡና ገለባ ሽታ ተደባልቆ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከአባቴ ጎን ተቀምጬ፣ የካፖርቱን ኪስ ጨብጬ ትምህርት ቤት ስሄድም ይታየኛል። ቢያንስ እስካለፈው ክረምት ድረስ የማስታውሰው እንደዚያ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ትራክተሯ ጓሮ ውስጥ ለዓመታት ዛገች። ባለፈው ክረምት ግን እንደ ጥንቷ አሳድሳታለሁ ብዬ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ወደሚሠራ ነዚፍ ወደተባለ በያጅ አስጫንኳት። ነዚፍ ሌላ ሐሳብ ነበረው። «ጋሼ፣ በቁልፍ የሚነሳ አዲስ ሞተር እንግጠምላት፤ ወላሂ ሰቃ ደርሳ ትመለሳለች» አለኝ። እኔ ግን የተማርኩትን ጥንቃቄ ሁሉ ይዤ የመጣሁ ሰው ነበርኩ፤ የፋብሪካውን የድሮ መመሪያ ከኢንተርኔት አውርጄ በቀለም አሳትሜያለሁ። መመሪያው ውስጥ ባለው ፎቶ ላይ የሌለ ነገር ሁሉ ይውጣ አልኩት። በግራው የኋላ ጎማ ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው ላይ የተበየደች፣ አንድ ጠርዟ የታጠፈ፣ በርጩማ የምታህል ብረት ነበረች። አባታችን ሲደክም ትራክተሯን ያከራያት ስለነበር፣ ተከራዮች የለጠፉት ኮተት መሰለኝ።

«ሜ፣ እስቲ ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ምን አደረገችዎት?» አለ ነዚፍ፣ ብየዳውን በጣቱ እየዳሰሰ። «ተለፍቶባታል እኮ።»

«ፎቶው ላይ የለችም» አልኩት። ቆረጣት።

ሥራው ሲያልቅ ታላቅ እህቴን ሙሉን ከሰኮሩ ጠራኋት። ሙሉ በሕፃንነቷ አንድ እግሯ ስለሰለለ የምትሄደው በምርኩዝ ነው። አዲሱን ቀይ ቀለም አይታ ፈገግ አለች፤ በግራ በኩል ዞረችና ቆመች።

«መቀመጫዬስ?»

«የቱ መቀመጫ?»

«የቱ ትለኛለህ እንዴ? አባዬ ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ የበየደልኝ! ጠርዙን ያጠፈው እግሬ እንዳይንሸራተት ነው።»

«እኔ አይደለሁ እንዴ እዚያ የምቀመጠው?»

«አንተማ ከኋላችን እየሮጥክ ታለቅስ ነበር፣ አልቃሻ! ምን ብለህ ነው ያነሳኸው?»

መመሪያውን አሳየኋት። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«እኔም እኮ የለሁበትም» አለች። «እኔንስ ለምን አላስቆረጥከኝም?»

ለነዚፍ ብደውል፣ ቁርጥራጩን ቁራሌው ከወሰደው ሳምንት አልፎታል። ሌላ ላሠራልሽ አልኳት። «ለማን? እኔ አሁን የምሄደው በሚኒባስ ነው» ብላ ሳቀች፤ በሳቋ ውስጥ ግን ለእኔ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ያን ጊዜ ትራክተሯ አስቀያሚ ነበረች፤ በየቦታው በአባታችን እጅ የተጠጋገነች፣ ነገር ግን አንዲት ልጅ ከጓደኞቿ እንዳትቀር የምታደርግ። ዛሬ ያማረች ናት፤ መንገደኛ ቆሞ ፎቶ ያነሳታል፤ አዋቂ ነን የሚሉም ያደንቁኛል። ልጅነቴን የመለስኩ መስሎኝ፣ ትራክተሯን ከፋብሪካ ወደወጣችበት፣ አባቴን ገና ወደማታውቅበት ቀን መለስኳት።