ከደጋን ደሴ፣ ለእናቴ ደረት

ከደጋን የተነሳነው በማለዳ ነው። አልማዝ ባለጭራ የሚሉት የቆዳ በሽታ እናቴን የያዛት አምና ነው። ቁስሉ በቀኝ ጡቷ ሥር ደርቆ ጠፍቷል፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ልብስ ሲነካት ትጮኻለች። ከዚያ ወዲህ ልጄን ሐያትን አቅፋት አታውቅም ማለት ይቻላል። ደሴ ነርቭ የሚመረምር መሣሪያ አለ ሲባል፣ "ሐያትን የማቅፍበትን መድኃኒት ይሰጡኛል፣ ኢንሻአላህ" ብላ ተነሳች። ጎረቤታችንም ከተማ በደረቀ ፀጉር አይኬድም ብላ በዋዜማው ጭንቅላቷን በቅቤ አርሳላት ነበር።

ኮምቦልቻ

እዚህ ሚኒባስ ቀየርን። ሰው እንዳይታከካት ለሁለታችን የሦስት ሰው ከፈልኩ። ረዳቱ ግን ሐረጎ ዳገት ላይ ባለዶሮ ሴትዮ አምጥቶ አጠገቧ ሊያስቀምጥ ሲል ተጣላሁት። እናቴ በየኩርባው ልብሷን ከደረቷ አርቃ ይዛ፣ "አብሽሪ፣ ደረስን" ትለኛለች። እሷን ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ደሴ

ክሊኒኩ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳት።

"ደረትዎ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንሰጣለን። መልእክቱ አንጎል መድረሱን ጭንቅላትዎ ላይ የምንለጥፋቸው ሽቦዎች ያሳዩናል።"

ሽቦዎቹ ግን አልጣበቅ አሉ። ለካ ቅቤው ነው! ከነርሷ ጋር ጓዳ ገብተን፣ በሩን ዘግተን፣ በዚያ ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመን አጠብናት። እየተንቀጠቀጠች፣ "ለአንድ ራስ ይኼ ሁሉ ሳሙና!" ብላ ልታስቀን ሞከረች።

ግራ ደረቷ ሲነካ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ብድግ አለ። በቀኝ በኩል ሐኪሙ ደጋግሞ ሞከረ፤ መስመሩ እንደተኛ ቀረ።

"የቀኙ ነርቭ ክፉኛ ተጎድቷል፣ እናቴ። መልእክት አያደርስም።"

"ካላደረሰ ታዲያ ለምን ያመኛል?"

"የተጎዳ ነርቭ ራሱ ሕመም ይፈጥራል። ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ፤ ይድናል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።"

እሷ ሻሿን አሰረች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

መልስ

ኮምቦልቻ እስክንደርስ ፀጉሯ አልደረቀም። ከማስታገሻው በቀር ከጉዞው ያገኘነው ሕመሟ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ እሱን ደግሞ ያለ መሣሪያም እናውቀው ነበር። ተስፋ ይዞ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ ከመቅረት እንደሚብስ ግን አሁን ነው የገባኝ።

ደጃችን ስንደርስ ሐያት እጆቿን ዘርግታ፣ "እማማ! ዳንሽ?" እያለች ወደ አያቷ ሮጠች። እናቴም ሳታስበው እጆቿን ዘረጋች። መሐል ገብቼ ልጄን ለቀም አደረግኳት። የእናቴ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ።