ወንድሜ ያስተካከለው ማጉያ

አሁንም አቼቶ ሲሸተኝ ጉርድ ሾላ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከተስፋዬ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለችው ጨለማ ክፍል የቆምኩ ይመስለኛል፤ ፎቶ የሚያጥብበት ውሃ እንደዚያ ይሸት ነበር።

ክረምት ላይ ለምዝገባ ጉርድ ፎቶ የሚፈልጉ ተማሪዎች ይጎርፉ ነበር፣ እነሱን በትንሹ ፊልም ያነሳቸዋል። ጥር ሲገባ ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ለእነሱ ሰፊውን ፊልም ያወጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር የፊልሙን ምስል በብርሃን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚጥለውን የማጉያ መሣሪያ ፊልም መያዣ ክፈፍና ሌንስ ቀይሮ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ምስሉ እስኪጠራ ያስተካክል ነበር። ረዳቱ ነበርኩ፣ በዚያ ሰዓት ግን አላናግረውም።

የመጨረሻው ቀን የጥር ሐሙስ ነበር። አንዲት ሙሽራ አፍንጫዋን እንዲያሳንስላት ስትለምነው፣ «እሱን ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ የኔ ሥራ ማጠብ ነው» ብሎ አሳቃት። ማጉያውን ለእሷ ሰፊ ፊልም አስተካክሎ፣ ነገ እንቀጥላለን ብሎኝ ቆልፈን ወጣን። እኔን ታክሲ አሳፍሮ እሱ የፎቶ ወረቀት ሊገዛ ወሎ ሰፈር ሄደ። እዚያ አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጨው። ሆስፒታል አልደረሰም። ከዚህ በላይ... አልችልም።

ንጋት ላይ እድርተኞች ድንኳን ተከሉ። ስንቱን ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ የራሱ ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ በትንሹ ፊልም፣ ከጓደኞቹ መሃል፣ ፊቱ ምስር አክሎ።

እማዬ እጄን ያዘችኝ። «አጉላልኝ» አለች፣ «ደጃፍ የቆመውም ሰው ይየው።»

ዛሬ ቦሌ አራብሳ የጎረቤት ልቅሶ ስደርስ የሟቹን ፎቶ ከስልክ አውጥተው፣ አሳትመው፣ ቶሎ ሰቅለውት አገኛለሁ። ለዚያ ማንም ምንም መሣሪያ መፍታት የለበትም።

እኔ ግን በዚያ ጠዋት ጨለማ ክፍሉን ስከፍት ማጉያውን ወንድሜ ለሙሽራዋ አስተካክሎ እንደተወው አገኘሁት። የእጁ የመጨረሻ ሥራ ስለሆነ ማፍረስ አልፈለግኩም። ትንሹን ፊልም በሰፊው ክፈፍ አስገብቼ ሞከርኩ፤ በዳርና ዳሩ ብርሃን እየፈሰሰ ፊቱ አውራ ጣት አክሎ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው፤ የሰፊው ፊልም ሌንስ ትንሹን ከዚያ በላይ አያጎላም። እማዬ ትጠብቃለች።

ሌንሱን ፈታሁት። የትንሹን ፊልም ሌንስና ክፈፍ ገጠምኩ፣ ማጉያውን ከፍ፣ ደግሞም ከፍ አደረግኩት፣ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ ሰፋ። ኔጋቲቭ ጥቁሩን ነጭ ያደርጋልና ፀጉሩ ሸብቶ፣ ሸምግሎ አየሁት።

ትንሽ እንደዚያው አየሁት። ከዚያ የማጉያውን መብራት አጥፍቼ የተረፈንን የፎቶ ወረቀት ዘረጋሁ።