ቻይ፣ ድምፅ ሳይነሣ

ሎስ አንጀለስ ላይ ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ የሚሆነውን ያጣል። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ሲያወርደው፣ ፒኮ ጎዳና ላይ ባለመኪናው ሁሉ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስል እየፈራ ሲነዳ፣ ፌርፋክስ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ደጃፍ ያወጧቸውን ወንበሮች እየተሯሯጡ ሲያስገቡ፣ እኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጃንጥላ እንኳ እንዳልገዛሁ ትዝ አለኝና ቁም ሣጥኑን መበርበር ጀመርኩ። ከሥር፣ ከአሮጌ ጫማዎች ጋር ተጠቅልሎ፣ ያ አረንጓዴ የላስቲክ የዝናብ ልብስ ወጣ። ስዘረጋው እርጥብ ላስቲክ፣ የባሕር ጨውና የጀልባ ናፍጣ አንድ ላይ ሸተተኝ፤ ከዓመታት በኋላም ሽታው አልለቀቀውም ነበር። ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት አንዲት ካርቶን አገኘሁ። በላይዋ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ የቬትናም ቃል ተጽፎባታል፤ ከቃሉ ሥር ደግሞ በእኛ ፊደል፣ እኔ በማውቀው ዘማማ የእጅ ጽሑፍ፣ «ቻይ። ድምፅ ሳይነሣ!» ይላል። የብርሃኑ እጅ ነው። ዝናቡን ረስቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ከብርሃኑ ጋር የተዋወቅነው ሁለታችንም ወጣት ሳለን፣ ዳውንታውን አንድ ትልቅ ፎቅ ሥር ፓርኪንግ ስንሠራ ነው። እኔ ብዙም ሳልቆይ ታክሲ ልንዳ ብዬ ወጣሁ፤ እሱ ግን ከመሬት በታች ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ፀሐይ በማትደርስባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ቀረ። እዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ካላንደር ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረ፣ ጋርዴና የሚባል ሰፈር የሚኖር አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ ትቶለት የሄደ ነው። ዓመቱ አልፎበታል፤ ወሩም እዚያው ሐምሌ ላይ ቆሟል፤ ምክንያቱም የሐምሌው ሥዕል አረንጓዴ ባሕርና ከባሕሩ መሐል ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ራሳቸው ላይ ዛፍ ያበቀሉ ድንጋዮች ነበሩ። ሃሎንግ ይባላል። ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ የመኪና ጭስ እየማገ ያንን ባሕር ያያል። ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር ለምን እንደሚሰቅል የጠየቀውን ሰው ሁሉ፣ «በዐይኔ ሳላየው አይወርድም» ይለው ነበር።

እኛ ይህንን እንደ ቀልድ ይዘነው ስንኖር፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌርፋክስ ተሰብስበን በምንበላበት ቤት፣ ብርሃኑ እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ፣ «ዘንድሮ እንሂድ» አለ። ጠረጴዛው ላይ የነበርነው አራት ነን፤ እሱና እኔ፣ ያንን ምግብ ቤት ለዓመታት በወጥ ሠሪነት ያገለገሉት እትዬ የሺ፣ እንዲሁም እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ሳራ። ሳራ ስልኳን አውጥታ እዚያው ትኬት ፈለገች፤ ሁላችንም ፈቃድ የምናገኘው ኦገስት ላይ ስለሆነ ኦገስትን ቆረጥን። ስድስት ቀን። አራት ሐበሾች ቁጭ ብለን ቀን ስንመርጥ፣ የአየሩን፣ የሆቴሉን፣ የክትባቱን ነገር ስናወራ፣ የራሳችንን ቀን መቁጠሪያ ገልጦ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ከሳምንት በኋላ እትዬ የሺ ደወሉልኝ።

«ታዴ፣ ፍልሰታ ነው እኮ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን፣ አንድም ሳይጎድል ፍልሰታ ላይ ነው የምንሄደው!»

ሳራ፣ «ማሚ፣ ትኬቱን ካንስል ማድረግ አይቻልም፤ ሶ ቬጂቴሪያን ትበያለሽ፣ ኦኬ?» ብላ ልታረጋጋቸው ሞከረች። ሳቁን የጀመረው ብርሃኑ ነው፤ ቀጥሎ ግን ማናችንም ያልጠበቅነውን ተናገረ። በጾም ክትፎ ሲያዝ እትዬ የሺ በጭልፋ ያባረሩት ሰው፣ «እትዬ፣ እኔም አብሬዎት እጾማለሁ» አለ። እሱ ከጾመ እኛ ምን ምክንያት አለን? አራታችንም ጾመኛ ሆነን ተነሣን።

ሃኖይ እንደገባን የመጀመሪያው ሥራ መንገድ መሻገር ነበር። ሞተር ብስክሌቱ ከላይ ከታች ይፈሳል፤ አንዱ ላይ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች፣ ሌላው ላይ ከነሥሩ የተነቀለ የሎሚ ዛፍ፣ ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው የሚያህል መስታወት ተጭኗል። አስጎብኚያችን ሊን የምትባል ደቃቃ ልጅ ነበረች፤ «በቀስታ ሂዱ፣ አትቁሙ፣ ወደ ኋላም አትመለሱ» አለችን በእንግሊዝኛ። እትዬ የሺ አማትበው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ብርሃኑ ግን ፓርኪንግ ውስጥ ለዓመታት መኪና እንዳስተናገደበት እጁን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ፤ ያ ሁሉ ሞተር በግራና በቀኙ ተከፍሎ አሳለፈው። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም አልቆመም። ሕዝቡ እንዴት አድርጎ እርስ በርሱ ቦታ እንደሚሰጣጥ አይቼ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እትዬ የሺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸው ላይ ምንም አያደርጉም። ብርሃኑ በፌርፋክስ ሰዓት ከሆነ ዘጠኝ ካለፈ ቆይቷል እያለ ሊያሳስታቸው ሲሞክር፣ «እሱማ የትናንቱ ነው» ብለው አሳፈሩት። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ሊን ጠባብ ጎዳና ላይ ወዳለች ቤት ወሰደችንና ከበርጩማ ባነሱ የላስቲክ መቀመጫዎች ላይ ደረደረችን። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል የሌለበት ምግብ በእነሱ ቋንቋ «ቻይ» እንደሚባል ነግራን፣ ገንዘብ ልመንዝር ብላ ወጣ አለች።

ቻይ! አራታችንም ተያየን። የእኛ ቃል እዚህ ምን ይሠራል? ብርሃኑ በደስታ አላስችለው ብሎ፣ ከውስጥ ድስት የምታማስለውን ሴትዮ፣ ሰው ጎረቤቱን ከመንገድ ማዶ በሚጣራበት ድምፅ፣ ጫፉን ወደ ላይ እየሳበ «ቻይ!» አላት። ሴትዮዋ ጭልፋዋን ጥላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከጎናችን ሾርባ የሚጠጣ ሰውዬ ዘሎ የውኃ ባልዲ አነሣ። ሁለት ልጃገረዶች ቦርሳቸውን አፋፍሰው ወጡ። ብርሃኑ በደንብ ያልሰሙት መስሎት፣ ደረቱን እየመታ፣ እኛንም በጣቱ እያመለከተ፣ «ቻይ! ቻይ! እኛ ቻይ!» ብሎ አጠናከረው።

ሊን እየሮጠች ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ቃሉ ድምፁ ሳይነሣ፣ ዝም ብሎ ሜዳ ላይ ሲሄድ የጾም ምግብ ነው፤ መጨረሻው ወደ ላይ ከተነሣ ግን «እሳት!» ማለት ነው። ባልዲ ያነሣው ሰውዬ ሲገባው እስኪያስለው ሳቀ፤ ሴትዮዋም ቶፉውን በቲማቲም፣ ጎመን መሳይ ቅጠሉን በነጭ ሽንኩርት ሠርታ፣ ሰሐናችን ባነሰ ቁጥር ትጨምርልን ገባች። እትዬ የሺ እያንዳንዱን ሰሐን እያሸተቱ ከዓሣ መረቅ ንጹሕ መሆኑን አረጋገጡ፤ ከዚያ የሽንኩርቱን አጠባበስ ሊያዩ ጓዳ ገብተው ቀሩ። ሊን እናቷ ወር በገባ በአንደኛውና በዐሥራ አምስተኛው ቀን እንደምትጾም ነገረችን። ቃሉ በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቅ ብርሃኑ ትንሽ አሰበና፣ «ተሸክሞ ከብዶኛል የማይል ሰው» ብሎ ተረጎመላት። እሷም ቃሉን ካርቶን ላይ ጻፈችለት፤ እሱ ከሥሩ የራሱን ማስጠንቀቂያ ጨመረበት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት፣ ስለ ውበታቸው ሳወራ ሰው የማያምነኝ ቀናት ናቸው። ሊን ኒን ቢን የሚባል አገር ወሰደችን፤ ሩዙ አረንጓዴነቱ ዐይን ያጠግባል፤ በሩዙ መሐል ወንዝ፣ በወንዙ ዳር ገደል፤ ጀልባችንን የምትቀዝፈው ሴት ደግሞ በጀርባዋ ደገፍ ብላ በእግሮቿ ነበር የምትቀዝፈው። በእጇ ለውዝ ትፈለፍላለች። ብርሃኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ዐይኑን ከእግሮቿ አልነቀለም። ከሰዓት በኋላ አምስት መቶ ደረጃ ያለው ተራራ ጋ ደረስን። ከላይ አገሩ ሁሉ ይታያል ተባለ። እትዬ የሺ እንኳ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጡ። ብርሃኑ አርባኛው ደረጃ ግድም ሲደርስ ተቀመጠና፣ «እኔ ከዚህ ሆኜ ፎቶ ላንሣችሁ» አለ። ሳራ ልትወጣ ጀምራ ተመለሰችና አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ አላርፍ ብዬ ከላይ ሆኜ ጮህኩበት፤ ሊፍት ያበላሸው ሰው፣ ከመሬት በታች የኖረ ፍልፈል፣ ያልጠራሁት ስም የለም። እጁን አወዛወዘልኝ። ያንን አፌን ዛሬም ልመታው ያምረኛል።

ሃሎንግ የደረስነው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ማዕበል ቀድሞን ደርሷል። ጀልባ ሁሉ ታግዷል። ወደቡ ላይ ከአንዲት አሮጊት እነዚህን አረንጓዴ የዝናብ ልብሶች ገዝተን አራት ጎመን መስለን ቆምን። ባሕሩ አይታይም፤ የሚታየው ነጭ ጉም ብቻ ነው። በማግሥቱ ማታ አውሮፕላናችን ይነሣል። ሊን ልታጽናናን የቦታውን ታሪክ ነገረችን፤ ሃሎንግ ማለት ዘንዶ የወረደበት ነው፤ ዘንዶዋ አገሩን ከጠላት ልትጠብቅ ከሰማይ ወርዳ የተፋችው ዕንቁ ድንጋይ ሆነ። እትዬ የሺ፣ «ዘንዶ ሲባል እኔ የሚታየኝ ከሰማዕቱ ፈረስ እግር ሥር ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ግን ዳዊታቸውን አውጥተው እስኪመሽ ደገሙ። ብርሃኑ ወደ ሆቴሉ እንግባ ብንለው እምቢ አለ። ጉሙን እያየ ቆመ። እኔ፣ «ሌላ ጊዜ እንመጣለን፣ ባሕሩ የትም አይሄድም» አልኩት።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብቻ ተፈቀደ። ጀልባዋ ጉሙ ውስጥ ገባች፤ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቀጥሎ አንድ ጥቁር ነገር ከፊታችን ተነሣ፣ ወዲያው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ፤ ጉሙ እየተገፈፈ ሲሄድ በመቶ የሚቆጠሩ ድንጋዮች፣ እያንዳንዱ ራሱ ላይ ደን ተሸክሞ፣ አረንጓዴው ውኃ ላይ ቆሞ ጠበቀን። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እትዬ የሺ ዘንዶውንም ረስተው እልል አሉ። ብርሃኑ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ያ የሐምሌ ገጽ ነው። ካላንደሩን አውርዶት መጥቷል። ሥዕሉን ወደ ላይ ያዘና አንዴ እሱን፣ አንዴ ባሕሩን አየ።

«ሥዕሉ ትክክል ነው» አለኝ፤ «የጎደለው ነፋሱ ብቻ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ሳራ መጥታ ውኃና ሁለት እንክብል ሰጠችው። «ጋሼ ብሬ፣ ሰዓትህ ነው።» ያኔ ነው የገባኝ። ደረጃው፣ ጾሙ፣ «ዘንድሮ እንሂድ» ያለው። ልቡን ታሞ ነበር፤ ስንመለስ ለኦፕሬሽን ቀጠሮ ይዟል፤ ከሳራ በቀር ለማንም አልተናገረም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብነግርህ ትሰድበኝ ነበር እንዴ? ስድብህ ደስ ይለኛል» አለና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ደግሞ ቻይ ነኝ እኮ። ድምፅ ሳይነሣ።»

ወር ሳይሞላ ኦፕሬሽን ገባ። ከዚያ አልነቃም። የመስታወት ክፍሏንም በማሽን ተኳት። እትዬ የሺ ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት አይወጡም፤ ሳራ አግብታ ሌላ ስቴት ናት።

ቅዳሜ ዕለት ያንን አረንጓዴ ልብስ ለብሼ፣ በዝናቡ እስከ ጋርዴና ድራይቭ አደረግሁ። ሁዳዴ ገብቷልና ጾመኛ ነኝ። እዚያ አንዲት ጠባብ የቬትናም ምግብ ቤት አለች፤ ጥግ ላይ፣ ባለሁለት ወንበር ጠረጴዛ ያዝኩ። አስተናጋጇ ልትታዘዘኝ ስትመጣ ካርቶኗን ከኪሴ አላወጣሁም። ሊን እንዳስተማረችን፣ ብርሃኑ እንዳስጠነቀቀው፣ ድምፄን ሳላነሣ፣ ቀስ ብዬ «ቻይ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ጻፈች፣ ሄደች። በትክክል ብዬዋለሁ ማለት ነው። ከጎኔ ሾርባ የሚጠጣ ሰው ቀና አላለም፤ ጓዳ ውስጥም ጭልፋ አልወደቀም። ከፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ወንበር አየሁ፤ ማንም አልሮጠም።