የኮባው ከረጢት

ባለፈው ቅዳሜ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብዬ ቆጮ ልገዛ ቆሜ ሳለ፣ ሻጭዋ ኮባውን ስትዘረጋ የእርጥብ ቅጠል ሽታ መጣብኝ። ከኋላዬ አንድ ተሸካሚ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይጮኻል። እኔ ግን በሐሳቤ ከብዙ ዓመት በፊት፣ እንጦጦ ሥር ካለች ትንሽ ጅረት ዳር፣ ከሸምሱ ጋር ነበርኩ።

ሸምሱ ሶማሌ ተራ ሱቅ የነበራቸው የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ስንማር፣ በመጨረሻው ዓመት አንድ ጥናት አብረን ደረሰን፤ ጅረት ሥር በድንጋይ መሀል የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ምን በልተው ያድራሉ? ዛፍ በጋረደው ውሃ ውስጥ አብዛኛው ቀለባቸው ከዳር የሚረግፍ ቅጠል እንደሆነ ተምረናል። የትኛውን ቅጠል እንደሚወዱ ለማየት፣ ከመርካቶ በገዛነው የሽንኩርት መረብ ከረጢት ቅጠል እየሞላን ውሃው ውስጥ እናስራለን፤ በሳምንቱ ሄደን እናያለን።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ያስጨነቀኝ የትሎቹ ቀለብ አልነበረም። ጥናቱ ሲያልቅ ሸምሱ አባቱ ጅማ በከፈቱት ሱቅ ሊቀመጥ ነው። የእሱ ቤት ጁምዓ፣ የእኔ ቤት ቅዳሴ፤ ያለዚያች ጅረት አብረን የምንውልበት ሰበብ አልነበረንም። ሁለታችንም እናውቃለን፣ አንዳችንም አናነሳውም።

የመጀመሪያ ቀን የዋንዛና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዘን ሄድን፤ ሦስተኛ ዓይነት ጎደለን። እናቱ በኮባ የጠቀለሉለትን ቆጮ በአይብ በልተን ስንጨርስ መጠቅለያውን አነሳ።

«ይሄስ ቅጠል አይደል?»

«አንተ! የምርህን ነው?»

«ጉራጌ የሆነ ትል ካለ እናያለና!»

ቀደድ ቀደድ አድርገን ከረጢት ውስጥ ከተትነው። በሳምንቱ ስናወጣው ባሕር ዛፉ እንዳለ አለ፤ ኮባው ግን በትል ይርመሰመሳል። ሸምሱ ሱሪውን እንደሰበሰበ ውሃው ውስጥ ጨፈረ።

መምህራችን ሰምተው ሲጨርሱ «ኮባውን ከየት አመጣችሁት?» አሉ። ነገርናቸው።

«ታዲያ የበሉት ቅጠሉን ነው ቆጮውን? በሉ አጥባችሁ እንደገና ጀምሩ።»

ሸምሱ አንገቱን ደፋ። እኔ ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ። ከቢሯቸው እንደወጣን «ምን ያስቅሻል?» አለኝ።

«አላለቀም እኮ» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝና እሱም ሳቀ።

የታጠበው ኮባ ያን ያህል ትል አልሰበሰበም። ጥናቱ በሥርዓቱ አለቀ፣ ሸምሱም ጅማ ሄደ። እዚያው አገባ ሲሉ ሰማሁ። እኔም አገባሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፤ በኑሮዬ የማማርርበት የለም። ግን ይናፍቀኛል። ውሃው፣ ቆጮው፣ ያ ሳቁ ይናፍቀኛል።

ሻጭዋ ኮባው ላይ የተጣበቀ የቆጮ ፍርፋሪ አይታ ጨርቅ አነሳች።

«ልጥረግልዎት እትዬ?»

«ተይው የኔ ልጅ» አልኳት። «እንዳለ ጠቅልይልኝ።»