መታጠቢያ ቤት የተቀዳ ሸክላ

የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ስሰበስብ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ ጋርላንድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የገጠመኝ ግን ይለያል። ኦንላይን ያገኘሁት ሸክላ የስድሳዎቹ ዘፈኖች ስብስብ ሲሆን፣ ሁሉም የአንድ ዝነኛ ፕሮዲውሰርን አቀዳድ ያስመሰሉ ናቸው። ሰውየው ሙዚቀኛውን ሁሉ አንድ ክፍል አጭቆ፣ ድምፁ እያስተጋባ ነበር የሚቀዳው።

ሻጩ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ሸክላውን ልወስድ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን እንደከፈቱ ኋላዬን አይተው «ብቻህን ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? «አዎ» አልኳቸው።

«ኦኬ፣ ና መታጠቢያ ቤት እንግባ።»

ከማላውቀው ሰው ጋር? ቀስ ብዬ ለሚስቴ ሎኬሽኔን ሼር አደረግኩና «ሰውዬው አላማሩኝም» ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። እምቢ ለማለት ግን ይሉኝታ ያዘኝና ገባሁ።

በሩን ዘጉት። «አጨብጭብ!» አሉኝ።

የመኪናዬን ቁልፍ እንደጨበጥኩ አጨበጨብኩ። ክፍሉ አስተጋባ።

«የሸክላው የመጨረሻ ዘፈን የኔ ነው» አሉ። «ለስቱዲዮ አቅም ስላልነበረን እዚህ ቀዳነው። ግን እንደዚያ ፕሮዲውሰር አልሆነልንም። እሱ ክፍል የሚሞላ ሰው ነበረው፤ እኛ እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን።»

አላመንኳቸውም። አሁንም ዓይኔ በሩ ላይ ነው።

ስለ ቀረጻው እያወሩልኝ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳለፈ የውጭው በር ተደበደበ። በመስኮት ሳይ፣ ሚስቴ የሀገር ልጆች ማኅበራችንን ሰው በሙሉ ጠርታ ኖሯል፤ ገሚሱ ከነሥራ ልብሱ ግቢውን ሞልቶታል። እፍረቴን የት ልክተተው?

ሽማግሌው በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩና ፊታቸው በራ።

«በል ሁሉንም አስገባቸው» አሉኝ፤ «ዘፈኑን ከመጀመሪያው እንቀዳዋለን።»