ቅቤ የጠጣው ብስክሌት

ብዙነሽ ብስክሌት መንዳት የጀመረችው አርባ ዓመት ደጃፍ ላይ ቆማ ነው፤ ያውም በደብረ ታቦር፣ ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ሜዳ ብርቅ በሆነበት አገር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያልፏት ጡሩምባ እየነፉ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ቀልድ የማይገባት ሴት አይደለችም፤ ከእነሱ ጋር ትስቅና ከብስክሌቷ ጋር ትወድቃለች። ጉልበቷ ሲላጥ ደግሞ ቁስሏን ራሷ አጥባ ራሷ ታሽጋለች፤ እንጀራዋ ነዋ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ጤና ኬላዋ ከከተማ ወጥቶ በእብናት መንገድ ነው፤ መኪና ጠዋት ካለፈ ማታ መመለሱን ማንም የማይምልበት ቀበሌ። ስለዚህ ሰኞ ትሄዳለች፣ እዚያው ጤና ኬላው ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል እያደረች ትሠራለች፣ ዓርብ ትመለሳለች። ክትባቱን ያልጨረሰ ሕፃን፣ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ ሽንት ቤት ቆፍር ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል አባወራ፣ ሁሉም የእሷ ጣጣ ነው። ሥራዋን ትወደዋለች። የማትወደው ማደሩን ነው፤ እሷ እዚያ ስታድር እናቷ ከተማው ዳር ባለችው ቤት ብቻቸውን ያድራሉ።

እማማ ማሬ ሰባን አልፈዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው በቀር በቤቱ ሰው የለም፤ እሳቸው ግን ሰው ናፈቀኝ ብለው አያውቁም። አምና ክረምት ደጅ ወጥተው አዳልጧቸው ወደቁና፣ ወገባቸው አልነሣ ብሏቸው እዚያው ጭቃ ላይ ነጋባቸው። ጠዋት ሱቋን ልትከፍት ስትወጣ ያገኘቻቸው ጎረቤታቸው ረሂማ ናት። ዓርብ ልጃቸው ስትመጣ፣ ምንም አልሆንሁ፣ ብርድ ነው የመታኝ ብለው ሸፋፈኑት። እውነቱን ያወጣችው ረሂማ ናት፤ ሌላም ነገር ጨመረችላት። ከዚያች ቀን ወዲህ እማማ ማሬ ማታ በራቸውን አይቀረቅሩም። ገርበብ አድርገው ነው የሚተኙ፤ ያልተነሣሁ እንደሆን ገብታችሁ እንድታዩኝ ብለዋታል።

ብዙነሽ እናቷን ስትጠይቅ፣ ሌባ ከእኔ ቤት ምን ያገኛል ብለው ሳቁባት። እሷ አልሳቀችም። ያ ያልተቀረቀረ በር ጤና ኬላው ድረስ ተከትሏት እየሄደ እንቅልፍ ነሣት። እናቷን ወደ ቀበሌው እንዳትወስድ፣ አልጋዋ እንኳ ለሁለት አትበቃም፤ እሳቸውም ባላቸው የሞቱበትን ቤት ጥለው ንቅንቅ አይሉም።

በዚህ መሐል ብስክሌቶቹ መጡ። አንድ ፕሮጀክት ለገጠር ጤና ሠራተኞች ብሎ ያመጣቸው ናቸው፤ እነሱ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ። ተቆጣጣሪው ዳኛቸው ወጣት ነው፣ ግን ቀልድ አያውቅም። ከዚህ ቀደም የታደሉት ብስክሌቶች ጎማቸው ተንፍሶ የዶሮ ማደሪያ ሆነው አይቶ አንጀቱ ቆስሏል። ስለዚህ ቁርጡን ተናገረ፤ ወስዳችሁ ተለማመዱ፣ ከጥምቀት በኋላ እፈትናችኋለሁ፣ ቁልቁለት ወርዶ ምልክቱ ላይ ያልቆመና የራሱን ጎማ መንፋት ያቃተው ብስክሌቱን ለሌላ ወረዳ ያስረክባል። ብዙነሽ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማችው አንድ ነገር ነው። ብስክሌት ካላት ከሥራ ወጥታ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቷ ትደርሳለች።

መንዳቱንስ ቀበሌው አስተማራት። አባወራዎቹ በየተራ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው ይሮጡላታል፤ እሷም ብልጥ ናት፣ አንዱን እያለከለከ ሳለ ሽንት ቤቱን እንዲቆፍር አስማለችው። ጥገናውን ግን ማን ያስተምራት? ለዚያ ገበያው አጠገብ ወዳለው ወደ ጋሽ ኢልያስ ሄደች።

ጋሽ ኢልያስ ዕድሜ ልካቸውን ብስክሌት ሲያከራዩና ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሰው ናቸው። አንድ ጠባይ አላቸው። ጠግኑልኝ ላላቸው ይጠግናሉ፤ አስተምሩኝ ካላቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምሩና ከዚያ ወዲያ አይፈቱትም። የተማሪውን ብስክሌት መንካት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ብሎን ይጥፋበት፣ ሰንሰለት ይብላው፣ እጃቸው አይዘረጋም።

ብዙነሽ የመጀመሪያ ቀን ፖምፓውን ተቀብላ መንፋት ጀመረች። ነፋች፣ ነፋች፣ ላቧ በጀርባዋ ወረደ፤ ጎማው እንደ ተኛ ነው። ለካ የፖምፓው አፍ ከቫልቩ ጋር አልገጠመም፣ አየሩ በጎን ፉስ እያለ ይወጣል። ጋሽ ኢልያስ ይህን ሁሉ እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆይተው፣ አየሩን ለጎማው ነው ወይስ ለአገሩ የምታድይው ብለው ጠየቋት። ከገጠመላት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ይፈነዳብኛል ብላ ፈራች። ሁለት ጊዜ ትነፋና ዓይኗን ጨፍና ትሸሻለች። ስንት ሴት ያዋለደች ሰው ጎማ ትፍራ!

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ኢልያስ ሕጋቸውን የነገሯት።

«ብዙዬ፣ በአውራ ጣትሽ ጫኚው። እሺ ካለሽ ይቀረዋል፤ እንቢ ካለሽ በቃው።»

ቀስ በቀስ ሌላውንም ለመደችው። ነፍቶ ሲያበቁ ቫልቩ ላይ ምራቅ ጠብ ማድረግ፤ አረፋ ካወጣ ያስተነፍሳል። የውስጡን ጎማ አውጥቶ ሳፋ ውኃ ውስጥ መንከር፤ ቡልቅ ቡልቅ ያለበት ቦታ ነው የተበሳው። እሱን በድንጋይ ፈግፍጎ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ሳይቸኩሉ መለጠፍ። ሰንሰለቱ ሲደርቅ ዘይት ማጠጣት፤ ፍሬኑ አጠገብ ግን ዘይት ዝር እንዳይል። ቅዳሜ ማታ እጇን በሳሙና እየፈተገች ለእናቷ የዋለችበትን ትተርክላቸዋለች፤ የደረቀ ሰንሰለት እንዴት እንደሚጮኽ፣ ጎማም ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ ቸርኬውም ቆሞ ሲከርም እንደሚዝግ። እማማ ማሬ ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጣሉ። የፍሬኑ ነገር ሲነሣ ግን እንዝርታቸው ወድቆ ሊያነሡ ጎንበስ ብለው ነበር፣ ወይም አልገባቸውም፤ ብቻ ነገሩ ጆሯቸው አልገባም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ብዙነሽ ስትወጣ ብስክሌቱ ደጅ ላይ ቆሞ ያብለጨልጫል። እናቷ ያጠቡላት መሰላት። ቅቤ ቅቤ ሸተታት፤ ግን እማማ ማሬም ለዕለቱ ክብር ብለው አናታቸውን ለጋ ቅቤ ተቀብተው፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው በትራቸውን ይዘዋል። እኔም ልጄ ስትፈተን አያለሁ አሉ። እሳቸው በእግር እየሄዱ እሷ አትነዳ ነገር፤ ብስክሌቷን እየገፋች አብራቸው ሄደች። ፍሬኑን መያዝ አላስፈለጋትም።

መፈተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ቁልቁለት ነው። ዳኛቸው ከታች በኖራ መስመር አስምሮ ቆሟል። ከመስመሩ ወዲያ የታጨደ ማሳ አለ፣ ማሳው ዳር የጤፍ ጭድ ተከምሯል። ሰዉም ወሬ ሰምቶ ወጥቷል፤ ባጃጅ ነጂዎቹም አልቀሩ፣ ጋሽ ኢልያስም ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። እማማ ማሬ መስመሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ተራዋ ደረሰ። ብዙነሽ አማተበች፣ ወጣች፣ ወረደች። ነፋሱ ነጠላዋን ያርገበግበዋል፣ ብስክሌቱ ጸጥ ብሎ ይንሸራተታል፣ ሰንሰለቱ እንኳ ድምፅ የለውም። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። መስመሩ ሲቃረብ ፍሬኑን ጨበጠች። ጎማው ዞረ። አጥብቃ ጨበጠች። ጎማው እንደ ዞረ ነው! መስመሩን አለፈች፣ ዳኛቸውን አለፈች፣ እናቷን አለፈች፣ ማሳውን እየነጠረች አቋርጣ ከነብስክሌቷ ጭዱ ክምር ውስጥ ገባች።

ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ራሷ ላይ ጭድ ለብሳ ብቅ ስትል ግን ሳቁ አገሩን ሞላው። ምንም አልሆነችም። ጎንበስ ብላ ቸርኬውን በጣቷ ነካች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቅቤ ነው። ጎማው ላይ ቅቤ፣ ቸርኬው ላይ ቅቤ፣ ሰንሰለቱ ላይ ቅቤ፣ ፍሬኑ ጎማ ላይ ቅቤ። ቀና ስትል እማማ ማሬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘዋል። ያን ጊዜ ገባት።

እማማ ማሬ የገበሬ ልጅ ናቸው። እሳቸው ባደጉበት ቤት የእርሻ ወራት ሲደርስ ጠፍሩና መጫኛው ወጥቶ ቅቤ ጠግቦ ይታሽ ነበር፤ የደረቀ ቆዳ በሬውን ይልጣል፣ ተበጥሶም ሰው ያዋርዳል። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጮኻል የተባለ ዕቃ ሲሰሙ ምን ያድርጉ? ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ያላቸውን ቅቤ አውጥተው፣ አንድ ቦታ ሳያስቀሩ አሹት።

ዳኛቸው መጣ። እሱም ነካው፣ እሱም አሸተተው፤ ፊቱ ጠቆረ። ፍሬን ላይ ቅባት የሚቀባ ሰው ብስክሌት ሊይዝ አይችልም፣ ማነው ይህን የሠራው ብሎ ጠየቀ።

ብዙነሽ እናቴ ናት ብትል ነገሩ ያልቅላት ነበር። ግን ይህ ሁሉ ሰው እያየ? ከነገ ጀምሮ እማማ ማሬ ገበያ በወጡ ቁጥር የብስክሌት ቅቤ ቀቢዋ ሊባሉ? የበሩ ነገር ልቧ ውስጥ ተላወሰ፤ ቢሆንም አፏ እንቢ አላት።

«እኔ ነኝ» አለች።

ዳኛቸው ራሱን ነቅንቆ ብስክሌቱን ከተመላሾቹ ጋር አቁሙት አለ። ሊያቆሙት ሲወስዱት እማማ ማሬ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ማሳውን ቀስ እያሉ ሲያቋርጡ ሳቁ እየበረደ ሄደ።

«ልጄ፣ ውሸቷን ነው፤ የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉት። «እሷን አትቅጣብኝ። ይህን ብረት ከነሣሃት ማታ አትመጣልኝም። እኔ ደግሞ ብቻዬን ማደር ፈርቻለሁ።»

ብዙነሽ ክው አለች። ጭቃ ላይ ያደሩ ጊዜ እንኳ ይህን ቃል አላወጡትም፤ አሁን በአገር ፊት አወጡት። እንባዋ ከጭዱ አቧራ ጋር ተደባልቆ ወረደ፣ ልትጠርገውም አልፈለገች። ዳኛቸው መሬት መሬቱን አየ። እሱም እናት አለችው መሰለኝ። ቀና ብሎ፣ የተበላሸውን ካወቅሽው አስተካክይውና እንደገና ውረጂ አላት።

አቅራቢያ ካለ ቤት አመድ፣ ሳሙናና ውኃ ለመነች። ባጃጅ ነጂዎቹ ባልዲውን ተሻምተው አመጡላት። ብስክሌቷን ገለበጠችው፤ ቸርኬውን በአመድ ፈተገች፣ በሳሙና አጠበች፣ በነጠላዋ አደረቀች። የፍሬኑን ጎማዎች ፈታ ቅቤ የጠጣውን ፊታቸውን ድንጋይ ላይ እስኪሻክር ፈገፈገችና መልሳ አሰረቻቸው። ሰንሰለቱን ጠራርጋ ቦታው መለሰች። የፊት ጎማው ማሳው ላይ ሲነጥር ተንፍሶ ነበር፤ የፈተናውን ፖምፓ አስተካክላ ገጥማ ነፋችና ቫልቩ ላይ ምራቅ ጠብ አድርጋ አየችው፣ ደህና ነው። ስትነፋ ዓይኗን አልጨፈነችም። ጋሽ ኢልያስ አንዴ ወደፊት ራመድ ሲሉ እጃቸው ሊፈታ ነበር፤ መልሰው አጣመሩት።

ከዚያ ወጣች፣ ወረደች። ፍሬኑ አንዴ ሲጥ አለና የፊት ጎማው ኖራው ላይ ቆመ፤ እናቷ እግር ሥር።

ሰዉ አጨበጨበ። ጋሽ ኢልያስ ግን ቀረብ አሉና፣ ያ የማይፈታ እጃቸው ተፈቶ፣ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«እንቢ አለኝ» አሉ፣ ሌላ ምንም ሳይሉ ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ሰኞ ብዙነሽ እንደ ወትሮዋ ጠዋት ወጣች። እንደ ወትሮዋ ግን አላደረችም። ጀንበር ጣሪያው ላይ ሳለች አቧራ ለብሳ፣ ጉንጯ በብርድ ቀልቶ፣ ደጁ ላይ ደወሏን ቅጭል አደረገች። እማማ ማሬ ወጥተው፣ ይህን ያህል ምን ያስሮጥሻል፣ ልብሽ ቢወጣስ ብለው ተቆጧት፤ ቁጣቸው ደስታቸውን አልሸፈነላቸውም። ብስክሌቱን ቤት አስገቡት። እማማ ማሬ ዙሪያውን ሲያዩት ቆዩና፣ አሁንስ የደረቀ ነገር የለውም ወይ ብለው ጠየቁ። ብዙነሽ እስክትጠግብ ሳቀች።

እራት በሉ፣ ስለ ቀበሌው ተጫወቱ። ሊተኙ ሲሉ እማማ ማሬ ወደ በሩ ሄዱ። ገጠሙትና መቀርቀሪያውን ገፉት፤ ካምና ክረምት ወዲህ ያልተነካው እንጨት ደርቆ አልንቀሳቀስ አለ። ልጃቸው ልትረዳቸው ስትነሣ በእጃቸው ተቀመጪ አሏት። የቅቤውን ቅል አወረዱ፣ በጣታቸው ጨልፈው መቀርቀሪያውን ከዳር እስከ ዳር ቀቡት፣ እንደገና ገፉት። ገባ።